ስለ ቅቤ ቅብዐት የቀድሞው ሥርዓትና የዛሬው ብልኃት

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው ከከተማው ዳር እንደ ወጣ ለገጣፎን ያገኛል። ለገጣፎም ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋራ ዋናይቱን ከተማ ከብበው ከሚኖሩት ከተሞች አንዲቱ ናት፤ እሊህም በ2015 ዓመተ ምሕረት ሸገር በሚባል በአንድ ከተማ ስም ተጠቃልለዋል። በዚህ ስፍራ በኩል ሁለት ነገር ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ኖሯል። አንደኛው ቅቤ ነው፤ በዚሁ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከሸኖ የሚመጣው ቅቤ በአዲስ አበባ ገበያ በአገሩ ስም ተጠርቶ ይሸጣልና። ሁለተኛው ውሃ ነው፤ በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የተሠራው የለገዳዲ ግድብ ከዚሁ አጠገብ ነውና። ቅቤና ውሃ በባሕርያቸው እንደማይዋሐዱ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ዳሩ ግን ሰውነትን በመቀባት ሥራ ሁለቱ ሲለያዩ ቅቤው እንደሚነቀፍ፥ ሲገናኙ ግን እንደሚመሰገን በዚህች ጽሑፍ ለማስረዳት አስቤአለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤቴ የተደረገ ትንሽ ክርክር ነው። ከእኛ ጋራ የምትኖረው የወንድሜ ልጅ ከሱቅ የገዛችውን የዛፍ ቅባት በእንቁላል መምቻ እየመታች፥ እንደ ተነደፈ ጥጥ አስመስላ፥ ገላዋን ትቀባዋለች። አያቷ፥ ማለት እናቴ፥ በልጅነቷ ራሷን ይቀቧት የነበረውን ለጋ ቅቤ አንድ ቀን ቢያቀርቡላት፥ «እማማ፥ ቅባቱ ይበዛብኛል፤ ልብሴን ያበላሽብኛል፤ ሽታውም በሥራ ቦታዬ ሰው ፊት ያሳፍረኛል» አለቻቸው። እናቴም አንዳች ሳይመልሱ ቅቤውን ከድነው አነሡ፤ ከዚያም ቀን ጀምረው የማንንም ራስ አልቀቡም። ኋላም ሁለቱ ለየብቻቸው እየመጡ ፍረድ አሉኝ። እኔም ሳልመረምር መፍረድን ስላልወደድሁ ወደ ጥንቱ ነገር ተመለስሁ።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። በግእዝ ቀብዐ ማለት ቀባ ማለት ነው፤ ቅብዕም የሚቀባው ነገር ሁሉ ነው። በአማርኛ ቅቤ የምንለው ከዚሁ ግንድ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። እንግዲህ ቅቤ ስሙን ያገኘው ከመበላቱ ሳይሆን ከመቀባቱ እንደ ሆነ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። የቤተ ክርስቲያን ቅብዐ ሜሮን ግን ሌላ መሆኑን አንባቢ አይሳት፤ እርሱ ከብዙ ሽቱ የሚዘጋጅ ዘይት ነው፤ ለብዙ ዘመንም ከእስክንድርያ ይመጣ ነበር። የቤት ቅቤ የምስጢር ቅብዐት ባይሆንም በሕዝብ ልማድ የበረከት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ይህም በአንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ሙዳ ማለት ቅብዐት ማለት ነው፤ ጂላ የሚባሉት መንገደኞችም በቀድሞ ዘመን ሩቅ አገር ተጉዘው ወደ አባ ሙዳ እየደረሱ ምርቃትና ቅብዐት ይቀበሉ ነበር። ስለዚህ በአማርኛም ቢሉ በኦሮምኛ፥ ቅብዐትና ክብር ጎረቤት ሆነው ይገኛሉ።

አገራችን ለዚህ ሥራ ቅቤን የመረጠችበት ምክንያት ምንድር ነው? ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት አንድ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ የኤርትራን ባሕር ወደቦች በጽርእ ቋንቋ ጽፎአል። በዚህ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የወይራ ዘይት ይገኛል፤ መጠኑም ጥቂት እንደ ሆነ ተነግሯል። ደግሞ ከሕንድ አገር ወደ አፍሪካ ቀንድ ወደቦች ከሚጫነው እህልና ልብስ ጋራ ቅቤ ይቈጠራል፤ ስሙንም ቡቲሮን ይለዋል። የሮምና የጽርእ ሰዎች ከታጠቡ በኋላ ገላቸውን በወይራ ዘይት ይቀቡ ነበር፤ ለእኛ ግን የወይራ ዘይት በመርከብ የሚመጣ፥ የማይበረክት ነገር ነበር። ላም ግን በየደጁ አለች።

ወይራ በአገራችን የለም ማለት አይደለም፤ በየደጋው ሞልቷል። ነገር ግን የእኛው ወይራ ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ እንደ ሶርያውና እንደ ጽርኡ ዘይት አይጨመቅበትም። ሴቶቻችን ግን ከጥቅም ውጭ አላደረጉትም፤ እንጨቱን አጭሰው የወተቱን ዕቃ ያጥኑበታል። እንግዲህ በሌላው አገር ወይራ ዘይቱን ይሰጣል፤ በእኛ አገር ግን ጢሱን ለቅቤ ዕቃ ይሰጣል። ቅኔ ለሚወድ ሰው ይህ ራሱ ሰምና ወርቅ ያለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በመጻሕፍት ቅብዐት የተነገረበትን ስፍራ ብንመረምር በአንዳንዱ መታጠብ አብሮት ይገኛል። ዳዊት ሕፃኑ በሞተ ጊዜ ከምድር ተነሥቶ ታጠበ፥ ተቀባ፥ ልብሱንም ለወጠ። ጌታም በወንጌል ለሚጾም ሰው ራሱን ተቀብቶ ፊቱን እንዲታጠብ አዝዟል። በአገራችንም ሥርዓቱ እንዲሁ ነው። ሙሽራ ከታጠበች በኋላ ትቀባለች፤ አራስ ታጥባ አናቷ ላይ ቅቤ ይደረግላታል፤ ሐዘንተኛ ግን ሐዘኑ እስኪያልፍ ቅቤን ይተዋል። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓመተ ምሕረት ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱ ስፍራውን የወደዱት በፍልውሃው ምክንያት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ከተማይቱ ከመታጠቢያ ውሃ ተወለደች፤ ቅቤውም ከሸኖና ከሰላሌ በየመንገዱ ተከትሎ ገባላት።

ልብስን በሚመለከትም አባቶች ቅቤ ነጠላን እንደሚያቆሽሽ ያውቁ ነበር፤ መድኃኒቱም እንዶድ ነበር። እንዶድ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውም ቅባቱን ከድሩና ከማጉ አላቅቆ ይወስደዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአድዋ ወንዝ አጠገብ እንዶድ በታጠበበት ስፍራ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባዩ ጊዜ ይህ የልብስ ማጠቢያ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ሊገድል እንደሚችል ለዓለም አስታወቁ። እንግዲህ ቅቤ በነበረበት ቤት እንዶድ ነበረ፤ ቅባትና ማጠቢያ እንደ ባልና ሚስት ተጣምረው ይኖሩ ነበር።

ቅቤ የተነቀፈው ይህ ጥምረት በላላበት ስፍራ ነው። ከውጭ የመጡ መንገደኞች ብዙዎቹ የራስ ቅቤን እየጠቀሱ ሽታውንና መንጠባጠቡን ነቅፈዋል። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የሚባለው እንግሊዛዊ ግን ከ1843 እስከ 1846 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአገራችን ሲኖር ልብሱንም ጠጕሩንም እንደ አገሩ ሰው አድርጎ ቅቤ ይቀባ ነበር፤ ኑሮውንም በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ተረከ። ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ነውሩን ብቻ ያያል፤ ገብቶ የኖረበት ግን ጥቅሙንም ያገኛል።

እኔም ነውሩን የተማርሁት በገዛ ራሴ ነው። በልጅነቴ በጎጃም ከቅኔ ቤቶች በአንዱ ስማር ራሴን ስላመመኝ አንዲት ደግ ባልቴት አናቴ ላይ ድፍን ቅቤ አኖሩልኝ። በማግሥቱ ሳልታጠብ በፀሓይ ተቀምጬ የመምህሬን ብራና ዳዊት ስመለከት ቅቤው ቀለጠና በገጹ ላይ ጠብ አለ። ብራና ፋቂዎች ቆዳውን የሚፍቁትና በሸካራ ድንጋይ የሚያሹት ስቡ ተወግዶ ቀለም እንዲይዝ ነው፤ እኔ ግን የተወገደውን ስብ መለስሁበት። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ዱላ ስጠብቅ መምህሬ ራሴን ዳሰው፥ «ቅቤው አልበደለም፤ ውሃ ያላገኘ ቅቤ ነው የበደለ» አሉኝ። ያን ጊዜ ተግሣጽ ብቻ መሰለኝ፤ ዛሬ ግን የነገሩ ሁሉ ፍቺ ሆኖ አገኘሁት።

እንዴት ቢሉ፥ የቅቤን አሠራር ተመልከቱ። ወተቱ ረግቶ እርጎ ሲሆን በቅል ወይም በገንቦ ይናጣል። ለ1 ኪሎ ግራም ቅቤ 20 ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል። በወተት ውስጥ ያለው ቅባት እጅግ ደቃቅ በሆኑ ጠብታዎች ተበትኖ፥ እያንዳንዱም ጠብታ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይኖራል። ሲናጥ ጠብታዎቹ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ሽፋናቸው ይቀደዳል፤ ቅባቱም ከቅባቱ ጋራ ይያያዛል፤ በመጨረሻ ቅቤው ከአሬራው ይለያል። ወተቱ እጅግ ከቀዘቀዘ ቅባቱ ደርቆ አልያያዝ ይላል፤ እጅግ ከሞቀም ቀልጦ ልል ይሆናል። ስለዚህ ናጪዋ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ እየጨመረች ታስተካክለዋለች። የሙቀት መለኪያዋ እጇ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ለተቀቢው ዋናው ነው። ዐዋቂ ሴት ቅቤውን እንደ ወጣ አትተወውም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ ታሸዋለች፥ ታጥበዋለች፤ አሬራው ተጠርጎ እስኪያልቅና ውሃው ጥሩ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ አትተወውም። ምክንያቱም ቅቤ ሁሉ ጥሩ ቅባት አይደለም፤ በፋብሪካ ከተሠራው ቅቤ እንኳ ከመቶው 80 ያህሉ ብቻ ቅባት ነው፤ የሚበዛው ቀሪው ውሃ ነው። በዚያ እርጥበትና በአሬራው ትራፊ ሕዋሳት ይራባሉ፤ ቅባቱንም እየፈቱ ሽታውን ያመጣሉ። ሚሼል ዩጂን ሼቭሮል የሚባለው ፈረንሳዊ ጠቢብ ስለ እንስሳት ስብ ምርምሩን በ1823 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲያሳትም ከቅቤ የሚወጣውን አሲድ ገለጠ፤ ይህም ቡቲሪክ አሲድ ይባላል። ስሙ የዚያው የአዱሊስን ወደብ የጻፈው ነጋዴ ቡቲሮን ያለው ቃል ነው። የከረመ ቅቤ የሚሸተው ይህ አሲድ ከቅባቱ ተፈትቶ ሲወጣ ነው። እንግዲህ የወንድሜ ልጅ የጠላችው ሽታ የቅቤ ባሕርይ ሳይሆን ያልታጠበና የከረመ ቅቤ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው የእናቶች ብልኃት ዱቄት ነው። አደስ ተደቁሶ ከለጋ ቅቤ ጋራ ተለውሶ ራስ ይቀባል። ሰው ሁሉ ይህን ለመዓዛው ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ደረቅ ዱቄት ቅባትን ይይዛል፥ እንዳይፈስም ያግደዋል። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶችም ጠጕራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ይሠራሉ፤ አፈሩ ቅቤውን ይዞ ያጸናዋል። አደሱም አፈሩም የአንድ ጥበብ ሁለት ልብሶች ናቸው።

አሁን የልጅቱን ሥራ እንመርምር። እርሷ የምትመታው የሺያ ቅቤ የሚባለውን ነው። ሺያ በምዕራብ አፍሪካ የሚበዛ ዛፍ ነው፤ ማንጎ ፓርክ የሚባለው የስኮትላንድ መንገደኛ በ1799 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ ሰዎች ከፍሬው ቅቤ ሲያወጡ ማየቱን ጽፎአል። ይህ ዛፍ ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ የናይል ወገን የሚባለው ዓይነቱ በጋምቤላ ይበቅላል፤ የእርሱም ቅባት ከምዕራቡ ይልቅ ለስላሳ ነው። እንግዲህ ልጅቱ «የፈረንጅ» ያለችው የአፍሪካ ቅቤ ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩን ቆሜ አየሁት። ሦስት እጅ የሺያ ቅቤና አንድ እጅ ቀላል ዘይት በዕቃ አድርጋ፥ ዕቃውን በሚሞቅ ውሃ ላይ አኑራ በቀስታ አቀለጠችው፤ እሳት ላይ በቀጥታ አላደረገችውም። ከቀለጠ በኋላ ቶሎ አቀዘቀዘችው፤ ቀስ ብሎ ሲበርድ በውስጡ እንደ አሸዋ ያለ ፍሬ ይቋጥራልና። ዳር ዳሩ ነጥቶ መካከሉ ሳይደርቅ ለአንድ ስኒ ያህሉ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ነፍታ ጨመረች፤ ከዚያም ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ያህል መታችው። ነፋስ እየገባበት ነጣ፥ ተነፋ፥ ወደ እጥፍ ሊደርስም ቀረበ። የጉሎ ዘይት ስለምን አልጨመርሽም ብላት፥ «አጎቴ፥ እርሱ ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው፤ ገላ ላይ ቶሎ አይሰወርም» አለችኝ። በሌላ ጊዜ በኮኮናት ዘይት ሞክራ ነበር፤ እርሱ ግን በ24 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ በቀትር ሙቀት ወደ ፈሳሽነት ተመለሰባት።

ይህ ቅባት ስለምን አይከብድም? መምታቱ የቅባቱን ባሕርይ አልለወጠም፤ ነገር ግን በማንኪያው ውስጥ ግማሽ ያህሉ ነፋስ ስለ ሆነ እጅ የሚያነሣው ቅባት ጥቂት ሆነ። ስታርቹ ትርፉን ያዘ። ቀላሉ ዘይትም ሺያውን አለዝቦ በስሱ እንዲዘረጋ አደረገው። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ የምትቀባበት ጊዜ ነው፤ ገላዋን ታጥባ ውሃው ፈጽሞ ሳይደርቅ፥ አተር የምታህል ብቻ በእጇ አሙቃ ታዳርሰዋለች። ቅባቱ ያንን እርጥበት ከድኖ እንዳይተን ይጠብቀዋል፤ የቆዳ ልስላሴ የሚመጣው ከውሃው ነው፥ ቅባቱ ግን ዘበኛ ነው። ብዙ መቀባት ዘበኛ ማብዛት እንጂ ውሃ ማብዛት አይደለም፤ ትርፉም በልብስ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ እንደ ደረስሁ ፍርዱ ግልጽ ሆነልኝ። መምታት የናጪዋ ክንድ ነው። ስታርች የአደሱ ዱቄት ወንድም ነው። ከታጠቡ በኋላ መቀባት የዳዊትና የወንጌል ሥርዓት ነው። ልጅቱ አያቷን የተወች መስሏት በአያቷ መንገድ ትሄዳለች፤ አያቷም የተናቁ መስሏቸው ጥበባቸው በሌላ ዕቃ ሲሠራ አላወቁትም።

ሆኖም እናቶቻችን ያደረጉት ሁሉ ይደገም ለማለት አይደለም። አዲስ በተወለደ ሕፃን እትብት ላይ ቅቤ መቀባትና ገና ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ ልንተወው የሚገባ ልማድ ነው፤ ከላይ እንደ ተባለው ያልነጠረ ቅቤ ሕዋሳት ይኖሩበታልና፥ የእትብቱ ቁስል ደግሞ ወደ ደም የሚያስገባ በር ነው። ለቤት ሠሪዎችም አንድ ምክር አለኝ፤ በሚመታው የዛፍ ቅባት ውስጥ ውሃ ወይም የአበባ ጭማቂ አይጨመር፥ በእርጥብ ጣትም አይነካ፤ እርጥበት ከገባበት መበላሸት ይከተላል። ውሃ ቦታው ገላ ላይ ነው፥ በብልቃጥ ውስጥ አይደለም።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ማታ ለሁለቱም ነገርኋቸው። እናቴ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው የተመታውን ቅባት በጣታቸው ነክተው በእጃቸው ጀርባ አሹት፤ ወደ መብራቱም አቅርበው አዩት። «በደንብ አልተመታም፤ ፍሬ ቀርቶበታል» አሉ። ከዚያም እጅጌአቸውን ሰብስበው ዕቃውን ተቀበሏት። ልጅቱም ሳቀችና ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች፤ ጠጕሯ ታጥቦ ገና እርጥብ ነበር። እናቴ ከፊቷ ያለውን ሥራ ከጨረሱ በኋላ ሳይጠየቁ ራሷን በዚያው በተመታው ቅባት ቀቧት።

የአባቶችንና የእናቶችን ሥራ የምንመረምር ሁሉ ይህን እናስብ፤ ልማድ ሲከብደን ከመጣላችን በፊት አብሮት የነበረው ነገር የቱ እንደ ጠፋ እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ የጠፋው ውሃው ይሆናል።